ቀጭኗ ሞተርና የአያ ይማም ሽሽት

ሰው ዕድሜው በገፋ ቁጥር የሚገዛው ዕቃ እየከበደ ይሄዳል። ልብ ብላችሁ እንደሆነ፣ በሃያ ዓመቱ ቁርበት ላይ ድብን ብሎ ያድር የነበረ ሰው አምሳን ሲሻገር፣ ጎረምሶች ተጋግዘው የማያስገቡትን አልጋ ካልገዛሁ ብሎ የቤቱን መቃን ያስፈርሳል። አልጋው ሲገባ እንቅልፉ ቀድሞ ወጥቷል። ቁም ሳጥኑም እንደዚያው ነው፤ መልበስ ያምረው በነበረበት ዘመን ልብሱን ሚስማር ላይ ይሰቅል የነበረ ሰው፣ አንድ ጃኬትና አንድ ጋቢ ብቻ ሲቀሩት ባለ አራት በር ቁም ሳጥን ያሠራል። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ምናልባት ጉልበት ሲከዳው ክብደትን ከሌላ ቦታ መዋስ ይፈልግ ይሆናል።

ይህን የምላችሁ ከሰው ተሽዬ አይደለም። ሐይቅ ከተማ፣ መንገድ ዳር፣ ቆርቆሮና ሚስማር የምሸጥ ሰው ነኝ፤ ማን ምን ያህል በር እንዳሠራ፣ ማን አጥሩን ምን ያህል ከፍ እንዳደረገ ሳይ ስለምውል የሰውን ክብደት በመጠኑ አውቃለሁ። የራሴን ለማወቅ ግን ሞተር ብስክሌት መውደቅ ነበረበት።

ሞተሩ ትልቅ ነበር። አዲስ አበባ የነበረ አንድ የውጭ አገር ሰው አገሩ ሲገባ ሸጦት፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲል ደሴ ደርሶ፣ ከደሴ እኔ ያወረድሁት፣ ለረጅም የአስፋልት ጉዞ የተሠራ ሞተር ነው። ከፊቱ የሱቅ መስኮት የሚያህል የንፋስ መከላከያ አለው፤ ከግራና ከቀኙ ቁልፍ ያላቸው ሳጥኖች አሉት፤ የኋላ ተሳፋሪው ደግሞ መደገፊያ ያለው ወንበር ላይ ይንፈላሰሳል። በዚያ ሞተር ከሐይቅ ወልድያ ስሄድ እኔ የምጓዝ አይመስለኝም ነበር፤ እኔ ተቀምጬ አገሩ የሚያልፍ ነው የሚመስለኝ። ጠዋት ሳስነሣው የሰፈሩ ሰው ሰዓቱን ያስተካክልበታል። ቤንዚን ወረፋ ላይ ከኋላዬ የቆመ ሰው ታንከሩን አይቶ ፊቱ ይጠቁራል። እኔም ያን ጥቁረት እንደ አክብሮት እቆጥረው ነበር።

አንድ ጉድለት ብቻ ነበረው። አገራችን ያለችው አስፋልቱ ላይ አይደለም። አስፋልቱ ከደሴ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚሄድ አንድ መስመር ነው፤ ሰዉ፣ ከብቱ፣ ሰርጉና ለቅሶው ከመስመሩ ግራና ቀኝ፣ ከኮረኮንቹ ማዶ ነው ያለው። ለዓመታት ይህ አላሳሰበኝም። ማዶ የሚያሻግር ጉዳይ ሲመጣ ሞተሩን ዘመድ ቤት አቁሜ በእግሬ እወጣ ነበር። ሞተሬን ኮረኮንች ላይ እንዳወጣው ያስገደደኝ የእህቴ ልጅ ፍቅር ነው።

ጀማል ይባላል፤ ውጫሌ አስተማሪ ነው። አባቱ ገና በልጅነቱ ስለሞተ እኔው እጅ ላይ አደገ። እንደ ልጄ እወደዋለሁ፤ ይህን በእሱ ፊት አልለውም፣ እዚህ ግን ልበለው። ታዲያ ይህ ልጅ ከውጫሌ በላይ፣ ከአምባሰል ገደል ግርጌ ባለች መንደር፣ ጤና ኬላ የምትሠራ ሰዓዳ የምትባል ልጅ ወደደ። እሷም ወደደችው። እስከዚህ ድረስ ነገሩ የሁለት ሰው ነበር።

ከዚያ ወሬ መጣ። ደሴ የሚኖር አንድ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ለልጁ ሰዓዳን ሊጠይቅ ሽማግሌ እያሰናዳ ነው ተባለ። ሰዓዳም ለጀማል ቁርጡን ነገረችው። "እኔ ካንተ ሌላ አልሻም፤ ግን ካባቴ ቃል አልወጣም። እነሱ ቀድመው መጥተው አባቴ እሺ ካለ ያው እሺ ነው። እንጥፋ ብትለኝም አልጠፋም" አለችው። ጀማል ይህን ሰምቶ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅዳሜና እሑድ ሱቄ እየመጣ ሚስማር በመጠን በመጠኑ ይለይልኝ ጀመር። ማንም ለይልኝ ያለው የለም። እህቴ ዘይነባ ደግሞ "ወንድሜ፣ አንተ እያለህ ልጄን ይቀድሙት?" አለችኝ። እንግዲህ መቅደም ነበረብን።

በኛ አገር ሽማግሌ አንድ ዓይነት ሰው ብቻ ሆኖ ከሄደ ነገሩ ክብደት ያጣል። እስላም ሲያገባ ቄስ፣ ክርስቲያን ሲያገባ ሼህ ሲጨመርበት የሚጠየቀው ሰው እምቢታው ጉሮሮው ላይ ይቀራል። ስለዚህ ጎረቤቴን መምሬ ጌታሁንን ለመንሁ። መምሬ በልጅነታቸው ሐይቅ እስጢፋኖስ የተማሩ፣ ያስታረቁት ሰው ከዳሩት የሚበልጥ፣ ነገር የሚያውቁ አዛውንት ናቸው። "ሁሴን፣ በምንድን ነው የምንሄደው?" ብለው ጠየቁኝ። በትልቁ ሞተር አልኋቸው። ለልጄ ክብር ነው ብዬ ነው። ሰው የልጅ ሽማግሌ ሆኖ ሲሄድ ባለው ትልቅ ነገር ይሄዳል፤ ጥንት በቅሎ ነበር፣ የኔ በቅሎ ይኸው ነው።

መምሬ ሄልሜት በጥምጥማቸው ላይ አልገባ ስላላቸው፣ ጥምጥሙን እንዳለ በጥንቃቄ አንሥተው ከቀኙ ሳጥን አኖሩት። ቆለፍሁላቸው። ከዚያ ጃንጥላቸውን በብብታቸው ይዘው ወንበሩ ላይ ተደላደሉና ጉዞ ጀመርን። እስከ ውጫሌ ድረስ ከንጉሥ አላነስንም። ከውጫሌ ወዲያ ጠጠሩ ሲጀምር መምሬ ዳዊት መድገም ጀመሩ፤ እኔም በሆዴ የራሴን ያህል አደረግሁ። ሞተሩ ያጓራል፣ ገደሉ ድምፁን ተቀብሎ መልሶ ይልከዋል፣ ከታች ያሉ ውሾች ከላይ ላሉት ያቀብላሉ። እዚያ ደጅ ስንደርስ መምጣታችንን ያልሰማ ፍጡር አልነበረም።

የሰዓዳ አባት አያ ይማም ግን አልነበረም። ባለቤቱ እትዬ ፋጡማ ነጠላዋን እያስተካከለች ወጥታ፣ "አሁን ነው የወጣ፤ በሬ ጠፍቶበት" አለች።

እዚህ ላይ የሽማግሌን ሕግ ላስታውሳችሁ፤ ያላገባችሁ ትጠቀሙበታላችሁ። አባወራው ካልተገኘ ነገር አይወጣም። ለሚስትየው መናገር፣ በልጁ በኩልም ለልጅቱ ቀኑን ማስነገር ነውር ነው፤ ከማን እንደተላኩ፣ ለማን እንደመጡ ትንፍሽ አይባልም። አባወራው ከተገኘ ደግሞ መውጫ የለውም። ሽማግሌ ደጁ ላይ ቆሞ ተቀመጡ ካላላችሁን አንቀመጥም ካለ፣ ወይ እሺ ይላል፣ ወይ ልምከርበት ብሎ ቀጠሮ ይሰጣል፤ ቀጠሮውም ዞሮ ዞሮ እሺ ነው። እምቢ የሚል ቃል በአማርኛ አለ፤ እኛ ግን ለልጆችና ለከብት ብቻ ነው የምንጠቀምበት።

ስለዚህ መምሬ "እንዲሁ በዚህ ስናልፍ ሰላም እንበል ብለን ነው" አሏት። ከአያ ይማም ቤት በላይ ያለው ገደል ነው። በዚያ በኩል የሚያልፍ ዝንጀሮ ብቻ ነው። እትዬ ፋጡማ ግን ጨዋ ናትና ወዴት ስታልፉ አላለችም፤ እህል ቅመሱ አለች። እኛ ደግሞ ነገራችን ሳይሰማ አንቀምስም። እሷም ያልቀመሰ እንግዳ ስሙንና አገሩን አትጠይቅም። ጨዋነት ከዚህም ከዚያም በሩን ዘግቶት፣ ማንነታችንን ሳንናገር፣ ማንነታችንን ሳትጠይቅ፣ ርቦን ተመለስን።

በሌላ ቀን ሄድን። ወፍጮ ቤት ሄዷል ተባልን። ደግመን ሄድን። ለቅሶ ሄዷል ተባልን። በሬ ይጠፋል፣ እህልም ይፈጫል፤ ለቅሶ ግን የሚሸሸግ ነገር አይደለም። መምሬ ስንወርድ መንደሩ መውጫ ላይ አንድ የቅሬ ዳኛ፣ የዕድር አለቃ ማለት ነው፣ አግኝተው፣ ማን እንዳረፈ ለነፍሱ እንዲጸልዩለት ጠየቁ። ሰውዬው ግራ ገብቶት "ኧረ አልሐምዱሊላህ፣ በዚህ ሰሞን የሞተ የለም" አለ።

መምሬ ወደ እኔ ዞረው "ሁሴን፣ ይኸ ሰው ይሸሸናል" አሉኝ።

በዚያው ቁልቁለት ላይ ነው ሞተሩ የወደቀው። በፍጥነት አልነበረም። ቆመን ነው የወደቅነው ማለት ይቻላል፤ ጠጠሩ ከጎማው ስር ከዳኝ፣ እግሬን ሳሳርፍ መሬቱ ከጠበቅሁት በታች ሆነ፣ ከዚያ ያ ሁሉ ብረት ሐሳቡን ቀይሮ ወደ ቀኝ ተኛ። መምሬ ጃንጥላቸውን እንደያዙ በእግራቸው ቆመው ተገኙ፤ እንዴት እንደሆነ እስከ ዛሬ አልነገሩኝም። ጥምጥሙ ግን ተቆልፎበት ከታች ቀረ። እኔ ጉልበቴን ይዤ ተቀምጬ ሞተሩን ላነሣ ብሞክር ንቅንቅ አላለም። ከማሳ ከማሳው ሰው ተጠራርቶ መጣ። በኛ አገር ደግሞ ዕቃህን ያነሣልህ ሰው ምክሩን ሳይሰጥህ አይሄድም። አንዱ ለምን በጎን በኩል አልዞርህም አለ፤ አንዱ ይኸ የቆላ ነው እንጂ የደጋ አይደለም አለ፤ አንድ ሽማግሌ ደግሞ አፈሩን ከእጃቸው እያራገፉ "ይኸን ያህል የሚበላ ነገር በሬ ቢሆን ያርስ ነበር" አሉ።

ወጌሻው ጉልበቴን አሽቶ ሲጨርስ ዳግመኛ ከባድ ነገር በእግርህ እንዳትደግፍ አለኝ። ከባድ ነገር ያለኝ አንድ ብቻ ነው። ኮምቦልቻ ሙሽራ የሚያጅብ አንድ ጎረምሳ መጥቶ ገዝቶ ወሰደው። ጠዋት ጠዋት ድምፁ ሲቀር ቤቱ የሰው ያህል ጎደለብኝ፤ አልዋሽም፣ ከፍቶኛል። በምትኩ አንዲት ቀጭን፣ ቁመቷ ረዘም ያለ፣ ለአስፋልትም ለኮረኮንችም ትሆናለች የተባለች ሞተር ገዛሁ። ሳጥን የላት፣ መስታወት የላት፣ ጎማዋ ጥርስ ያለው፣ ከፊት ያለው ጭቃ መከላከያዋ እንደ ወፍ ምንቃር የወጣ። ከትልቁ ግማሽ አትመዝንም።

ሐይቅ ከተማ ለቅሶ ደረሰኝ። ቀልዴን አይደለም። በሬ የሞተበትን ሰው እንደሚያጽናኑት ሰው እየገባ "አላህ ይተካልህ" ይለኝ ጀመር። አንዷ ዘመዴ ንግዱ እንዴት ነው ብላ ጠይቃኝ፣ ደህና ነው ብላት አላመነችኝም። የባጃጅ ሹፌሮች ደግሞ ድሮ ሳልፍ ዳር ይይዙልኝ የነበሩት፣ አሁን እኩያቸው ሆኜ ጥሩምባ እየነፉ ይቀድሙኛል። ሚስቴ ብቻ ደስ አላት፤ ከወለድን ወዲህ እንዲህ ጸጥ ያለ ጠዋት አላየሁም አለች።

አነዳዷም ሌላ ነው። ትልቁ መንገዱን ይደብቅልህ ነበር፤ ይህች እያንዳንዷን ጠጠር ለወገብህ ታሳውቅሃለች። ኮረኮንች ላይ ተነሥተህ ቆመህ ትነዳታለህ። በስተርጅና ቆሜ መንዳት ስጀምር የሐይቅ ልጆች ሥራ ፈተው አዩኝ። ግን ትወጣለች። ድንጋይ ሲያጋጥማት አትከራከርም፣ ትንሽ ወደ ጎን ብላ ታልፈዋለች። ብትወድቅም ብቻዬን አነሣታለሁ፤ ማንም አይመክረኝም። ይህ ብቻውን ገንዘቧን ያወጣል።

በዚህ መሐል የደሴዎቹ ሽማግሌዎች ረመዷን ሳይገባ ሊመጡ ነው የሚል ወሬ በረታ። ጀማል ሚስማሩን ጨርሶ ብሎን መለየት ጀመረ። ፊቱን ማየት አቃተኝ። ጉልበቴ ሳይድን መምሬን ቀሰቀስሁ። መምሬ ቀጭኗን ከላይ እስከ ታች አዩና "በዚች ለልጅ ጥየቃ መሄድ፣ ቤተ ክርስቲያን በሸበጥ መግባት ማለት ነው" አሉ። ሌላ የለንም አልኋቸው። ድንጋይ ላይ ቆመው፣ ትከሻዬን ይዘው፣ በመከራ ወጡ። ጥምጥሙን የሚያኖሩበት ሳጥን ስለሌለ በፌስታል አድርገው እጃቸው ላይ ያዙት።

መንደሩ ስንደርስ ውሻ እንኳ በደንብ አልጮኸብንም። እንዲህ ያሉ ቀጫጭን ሞተሮች እዚያ አዲስ አይደሉም፤ የግብርናውም፣ የክትባቱም፣ የጤናውም ሠራተኛ የሚመላለሰው በእነሱ ነው። ከደጁ ስንቆም አንድ ረጅም፣ ጢሙ የሸበተ ሰውዬ ጀርባውን ሰጥቶን፣ ከአንዲት ቀይ ጊደር ጋር ይታገላል። ገመዷን በአንድ እጁ፣ ቀንዷን በሌላው ይዟል።

"ዘገየህ እኮ" አለ ሳይዞር። "ና፣ በዚህ በኩል ጆሮዋን ያዝልኝ። መርፌ ታውቃለች ይቺ።"

የከብት ክትባት ሰው መስዬዋለሁ። ሽማግሌ ታዘዘ፤ ጆሮዋን ያዝሁ። እንዲህ ሆነን ፊት ለፊት ስንተያይ እሱ እኔን፣ ከእኔ ኋላ ደግሞ ከፌስታል ጥምጥም እያወጡ ያሉትን መምሬን አየ። ገባው። ዓይኑ ወደ ጓሮ ሄደ፤ ጊደሯን ከለቀቃት ግን የጎረቤት ሽምብራ ውስጥ ነው የምትገባው። የሚሸሽበት እጅ አልነበረውም።

መምሬ ጥምጥማቸውን ደፍተው ጃንጥላቸውን ተደግፈው ቆሙ። "እንዴት ዋልህ፣ አያ ይማም። የመጣነው ለደግ ነው። ደጅህ ላይ ቆመናል፤ ተቀመጡ ካላልኸን አንቀመጥም" አሉ።

አያ ይማም ዓይኑን ጨፈነ። "ያረቢ" አለ በቀስታ። ከዚያ "መቼም አገኛችሁኝ። የደሴዎቹ ናችሁ አይደል?" አለ።

"የሐይቅ ነን" አልሁት ጆሮዋን እንደያዝሁ። "የጀማል አጎት ነኝ፤ የአስተማሪው።"

ዓይኑን ገለጠ። አንዴ እኔን፣ አንዴ መምሬን፣ አንዴ ሞተሯን አየ። ከዚያ ጊደሯን ለቀቃት። እኔም ብቻዬን ጆሮ ይዤ አልቀር፣ ለቀቅኋት። ሽምብራው ውስጥ ገባች፤ ማንም አላያትም። አያ ይማም መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ትከሻው እስኪርገፈገፍ ሳቀ።

"ባለ ትልቁ ሞተር እናንተ ናችሁ?" አለ።

"ነበርን" አሉ መምሬ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አያ ይማም የልጁን የሰዓዳን ልብ ያውቃል፤ ለእናቷ ነግራታለች፣ እናት ደግሞ ለአባት ነግራለች። የአስተማሪው ሰዎች መቼ ይመጣሉ እያለ ይጠብቅ ነበር። ገበያ ላይ ግን የደሴው ነጋዴ ሽማግሌ ሊሰድድብህ ነው፣ ትልልቅ ሰዎች ናቸው፣ በትልቅ መኪና ነው የሚመጡት ብለውታል። አንድ ቀን ያ ጉድ ከታች እያጓራ ሲወጣ ሰማና፣ አስተማሪ በዚህ አይመጣም፣ እነዚያ ናቸው አለ። በጓሮ ወጣ። ሲደገም ወጣ። ሲሠለስ ወጣ። ጓሮው ውስጥ ካለ ቋጥኝ ስር ተቀምጦ እኛ የመጣንለትን ልጅ ከእኛ ሲጠብቅልን ከረመ። ልጄን ለማክበር ብዬ በራሴ ልክ ሳይሆን በሞተሬ ልክ ሄጄ፣ ጀማልን ለጥቂት አስቀርቼው ነበር። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ማለት ይኸው ነው።

"ተቀመጡ" አለ። ተቀመጥን። እሺም አለ፤ ልምከር አላለም፣ ቀጠሮም አልሰጠ። እትዬ ፋጡማ ከውስጥ እልል ልትል ስትል በእጁ ከለከላትና ቀስ በይ አላት። ኒካው ለቀጣዩ ጁምዓ ተቆረጠ። በመጨረሻ እህል ቀመስን። መምሬ መረቁ፣ እኛ አሚን አልን፤ እኔ እንባዬ መጥቶብኝ በጉልበቴ ሕመም አሳበብሁ።

ስንነሣ ግን አያ ይማም ፊቱ ጠቆር አለ። የደሴዎቹ ማክሰኞ እንደሚመጡ ቁርጡን ሰምቷል። ከእነሱ መሐል፣ እሱ ከወንድሙ ጋር በመሬት ተጣልቶ ሳለ ያስታረቁት አዛውንት አሉ፤ የእሳቸውን ፊት አይቶ እምቢ ማለት አይችልም።

"ተሰጥታለች በላቸው" አሉ መምሬ።

"መምሬ፣ አንቱ እያወቁ" አለ አያ ይማም። "አንዴ አፋቸውን ከከፈቱ ወዲያ ተሰጥታለች ማለት እኮ እምቢ ማለት ነው። ሳይናገሩ ቢመለሱ፣ ኋላ ኒካው መታሰሩን በሰው ቢሰሙት፣ እኔም እምቢ አላልሁ፣ እነሱም አላፈሩ።"

መምሬ ጥምጥማቸውን አውልቀው ወደ ፌስታሉ መለሱት። አያ ይማም ወደ ሞተሯ እያየ፣ "ይቺ ነገር ከኋላ ሰው ጭና በዚያ በጓሮ በኩል ትወርዳለች?" ብሎ ጠየቀኝ።

እንግዲህ ፍረዱኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ሽማግሌ ነኝ። ከሽማግሌ የሚሸሽ አባወራ ሲነሣ ቀድሜ የማወግዝ ሰው ነኝ። ማክሰኞ ጠዋት እዚያ ሰውዬ ደጅ ሄጄ፣ ሄልሜቴን ራሱ ላይ አጥልቄለት፣ መስታወቱን ዘግቼለት፣ ጋቢውን እጥፍ አድርጌ ከኋላዬ አስቀመጥሁት። የጓሮው መንገድ መንገድ አይደለም፤ ፍየል ትወርድበታለች ቢባል ያምራል። ትልቁን ሞተር ብይዝ ኖሮ በዚያ በኩል የምንወርደው እኔና አያ ይማም ሳንሆን ስማችን ብቻ ነበር። ቀጭኗ ግን ቀስ እያለች፣ ቋጥኙን እየዞረች ወረደች። ቆሜ ነው የነዳሁት። አያ ይማም ወገቤን አንቆ ይዞ የሚያውቀውን ዱዓ ሁሉ ጀርባዬ ላይ ጨረሰው።

ታች፣ ከዋናው ኮረኮንች ጋር ስንገናኝ፣ ከፊት ለፊታችን ሰዎች ሲወጡ አየን። ነጭ ፒካፓቸው ታች ያለውን ወንዝ መሻገር አቅቷት ከማዶ ቆማለች። ነጫጭ ጋቢ የለበሱ፣ ጫማቸው አቧራ የበላው፣ ላብ ያጠመቃቸው ሽማግሌዎች ናቸው። ከፊት የሚመጡት በዱላ የሚሄዱ አንድ አዛውንት ነበሩ። ከኋላዬ ያለው ሰው "ያስታረቁኝ እሳቸው ናቸው" ብሎ ጀርባዬ ላይ ተለጠፈ። መንገዱ ጠባብ ነው፤ መቆም ግድ ሆነ።

አዛውንቱ ሰላምታ ሰጡን፣ መለስን። "ወደ ይማም ቤት ነበር የምንወጣው። ቤት ይኖር ይሆን?" አሉ።

"ዛሬ እንኳ ቤት የለም። አሁን ነው የወጣው" አልኋቸው። ሽማግሌ አይዋሽም፤ እኔም አልዋሸሁም።

አዛውንቱ ዱላቸውን ተደግፈው ወደ ዳገቱ አዩ፣ ከዚያ ወደ ጫማቸው። "ውጫሌ ላይም፣ ያ ሰው ከሽማግሌ ይሸሻል ብለውን ነበር። አላመንሁም። ሰው በሽማግሌ ፊት ቤቱን ጥሎ የሚሸሽበት ዘመን መጣ እንግዲህ" አሉ።

"ዘመኑ ነው" አልሁ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዱ ከኋላ እንመለስ ሲል ሰማሁት። አዛውንቱ መዳፋቸውን ወደ ላይ ከፍ አድርገው፣ "በሉ እናንተን አላህ መንገዱን ያግራላችሁ። የወጣችሁበትን ጉዳይ ያሳካላችሁ" ብለው መረቁን።

ከኋላዬ፣ ከሄልሜቱ ውስጥ፣ አያ ይማም "አሚን" አለ፤ ከሆዱ ነበር።